ሩር የመሰላት የዛፍ ጌጥ

ዛሬ የገና ዛፋችን በልጅ ልጄ ላይ ሊወድቅ ሲል በሁለት እጄ ደርሼ ደገፍሁት።

እሷ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ልጅ ሳለሁ በትውልድ መንደሬ በኮሶዬ አባቴ ከወይራ ቆልማማ የገና ዱላ ይጠርብልኝ ነበር። ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ መስኩ ላይ ስናሳድድ ውለን እያነከስን እንገባለን። ዛሬ ጉልበቴን ሲቆረጥመኝ ሐኪሙ እርጅና ነው ይለኛል፤ እኔ ግን የማን ምት እንደሆነ አውቃለሁ።

ያ ዘመን ቢናፍቀኝ ለዚች ልጅ ትንሽ ዱላ ጠረብሁላት፤ "ሩር" ማለትንም አስተማርኋት።

ታዲያ እናቷ ከፒያሳ ገዝታ ዛፉ ላይ የሰቀለቻቸውን ቀያይ ኳሶች ስታይ "ሉል" ብላ ዱላዋን ሰነዘረች። ቆልማማው ጫፍ የመብራቱን ገመድ ያዘና ዛፉ ዘመመ።

ልጄ ከጓዳ ሮጣ መጣች። "አባዬ፣ ዱላውን ማን ሰጣት?"

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አልኋት።

"ጌታው አልተቆጣም። የተቆጣሁ እኔ ነኝ።"

አሁን ዛፉ ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስሯል፤ ኳሶቹም መብራቱም ልጅቱ ከማትደርስበት ወጥተዋል። ዱላው ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ እንዳላወርደውም ተነግሮኛል።

እናንተ ቤትስ የገና ዛፉን የምትጠብቁት ከልጅ ነው ወይስ ከአያት? እስቲ አጫውቱኝ።