ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው ግንብ

ጎረቤት ሚስማር ሲመታ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትማችን፣ በካልሲው ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳውን ሲደበድብ ይታየኛል። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

በዚያ የበረዶ ወራት እህቴ ሃና ልታገባ ነበር። እጮኛዋ ኮፊ ጋናዊ ነው፤ ኮሌጅ ፓርክ ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። አባቴ ሲያኮርፍ ሰንብቶ፣ በመጨረሻ «በወጉ ሽማግሌ ይላክ» ብሎ ተረታ፤ ከተረታ በኋላ ግን ማን ይቻለው! እንግዶቹን ላክብር ብሎ የአገራቸውን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ ከርሞ፣ ከባሕር ጠርዝ የቆመ ነጭ ግንብ አገኘና በር የሚያህል አድርጎ አሳተመው። ጎንደሬ ስለሆነ ለእሱ ግንብ ማለት የገዛ አገር ንጉሥ ያሠራው መኩሪያ ነው፤ ሌላ ዓይነት ግንብ መኖሩን አያውቅም ነበር። «የነገሥታታቸው ግቢ ነው፣ ደስ ይላቸዋል» እያለ ፎቶውን ሲያቃና ይውል ነበር።

በሽምግልናው ቀን የኮፊ አያት፣ እማማ ኤፉዋ፣ ሁለት ልጆቻቸውን አስከትለው ከጎረቤት ከተማ ከአሌክሳንድሪያ መጡ። ወጉ ስለማይፈቅድ ኮፊ መኪና ውስጥ ቀረ፣ ሃና ጓዳ ተደበቀች፣ አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። እማማ ኤፉዋ ፎቶውን ሲያዩ በቆሙበት ደረቁ። በእንግሊዝኛ የሚናገሩትን ለአባቴ በአማርኛ ማለት ጀመርኩ፦ «ይህን የሠሩት አውሮፓውያን ናቸው። ለባርነት በመርከብ እስኪጭኑን ድረስ የሚያጉሩን እዚህ ነበር። ከታች ሰው ታጉሮ፣ ከላይ እነሱ ይጸልዩ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ ፖስታ ቤት ሆነ፤ እናቴ ግን ለደብዳቤ እንኳ አትገባም ነበር።»

ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። ሽማግሌዎቹ ልጅቷን ሳይጠይቁ ወጡ፤ ሃና ከጓዳ ሮጣ መጥታ «አባዬ፣ ዋት ዲድ ዩ ዱ? አውርደው፣ ፕሊስ!» ብላ ጮኸች። ቅንድብ ላበጅ ብሎ ዓይን አጠፋ የሚሉት ይህን ነው።

ጸደይ መጥቶ የቼሪው ዛፍ እስኪያብብ ድረስ ከእነ ኮፊ ቤት ስልክ አልተደወለም፤ ሃናም ምግብ አትቀምስም ነበር። አንድ ቅዳሜ አባቴ እኔን ይዞ አሌክሳንድሪያ ሄደና፣ ፓርኪንጉ ላይ ከመኪናው ኋላ ትልቅ ድንጋይ አውጥቶ ማጅራቱ ላይ ጫነ።

«አባዬ፣ ሰው እያየን ነው!»

«ይየን።»

እማማ ኤፉዋ በሩን ከፍተው ሲያዩት ደነገጡ። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ድንጋይ ተሸክሞ መሆኑን፣ የሚያወርድለትም ይቅር የሚለው ሰው መሆኑን እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አወረዱለት፤ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። «ይህን ተሸክመው ደጃችን መምጣት የነበረባቸው ሰዎች አንድም ቀን አልመጡም» አሉ።

አባቴ «ምን አሉ?» አለኝ። ከማጅራቱ የድንጋዩን አፈር አራገፍኩለት።

ሃና በዚያው በጋ ተዳረች። አምና ከእሷና ከልጆቿ ጋር ጋና ሄደን ግንቡን አየነው። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ከታች ከጨለማው ክፍል ሰዎች እያለቀሱ ይወጣሉ፣ ከላይ ሰገነቱ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ይነሣሉ። እንዴት ያስችላቸዋል ብዬ ደንግጬ ቆምኩ። ወደ ሆቴል ስንመለስ ግን ስልኬን ከፍቼ እዚያው የተነሣሁትን ፎቶ አየሁት፦ ነጩ ግንብ፣ ሰማያዊው ባሕር፣ እኔም ፈገግ ብዬ። አባቴ ያኔ ፎቶውን የሰቀለው ሳያውቅ ነበር።