ሺህ ስምንት መቶ ላይ የተቆረጠው ድምፅ

የወሰዱኝ ጎሮ ካለው ሱቄ ነው። የጋለውን መበየጃ ከሶኬት እንድነቅል እንኳ አልፈቀዱልኝም። የታሰርኩበት ክፍል አራት እርምጃ በሦስት ሲሆን አሥራ አንድ ሰው ነበርን። በረኪናና ላብ ይሸታል። ሙያ ሆኖብኝ ቀድሜ የታዘብኩት ግን ድምፁን ነበር፤ ባዶ ሲሚንቶ ስለሆነ አንድ ሰው ሲያስል ሁለት ሰው ያሳለ ይመስላል።

በማግስቱ ምርመራ ክፍል ስገባ ጠረጴዛው ላይ የራሴን እስፒከር አየሁት። ጀርባው ተፈልጦ ሽቦው ተዘርግፏል።

እኔ ሣጥኑን አሠርቼ፣ ለወፍራሙ ድምፅ ዉፈር፣ ለቀጭኑ ቱዊተር ገጥሜ እሸጣለሁ። ድምፁን ለሁለቱ የሚያካፍለው ክሮስኦቨር ይባላል። ከየት በታች ለዉፈሩ፣ ከየት በላይ ለቱዊተሩ እንደሚሄድ መወሰን ነው ዋናው ሥራ። ሌላው ነጋዴ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን ገዝቶ ሁሉንም ሦስት ሺህ ኸርዝ በሚባለው የድምፅ ቅጥነት ልክ ላይ ይቆርጣል። እኔ እንደ ደንበኛው እየሰማሁ እቆርጥና ቁጥሩን ሣጥኑ ውስጥ በማርከር እጽፋለሁ። ኩራቴ ይሄ ነበር። ያስያዘኝም ይሄው ነው።

ያዘዘችኝ አንዲት አስተማሪ ናት። «ሰው በጎንም ይቀመጣል፤ እሱም ይስማኝ» ብላኝ ነበር። ትልቅ ዉፈር ቀጭን ድምፅ ሲሸከም ፊቱ ላለ ሰው ብቻ ነው ጥርት የሚለው፤ በጎን ላለው ያጉተመትማል። ስለዚህ ጠንካራ ቱዊተር ፈልጌ ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቆረጥኩላት። በኋላ በዚያ እስፒከር ያልተፈቀደ ስብሰባ ላይ ተናገረች፤ ፖሊስ ስብሰባውን በተነው። እሷ አመለጠች፣ እስፒከሩ ተያዘ፤ ውስጡ የተጻፈው ቁጥር ወደ እኔ መራቸው። ስሟን አላወቁም። የማውቀው እኔ ነኝ።

መርማሪው አጠገብ ካቻቢቴ የያዘ ቀጭን ቴክኒሽያን ቆሟል።

«ጽሑፉ የማን ነው?» አለ መርማሪው።

«የኔ።»

«ለማን ሠራኸው?»

«ለማንም። መጥቶ ለገዛ።»

ቴክኒሽያኑ ጣልቃ ገባ። «ውሸቱን ነው። ይሄ ዙሪያውን ለተቀመጠ ሰው ንግግር ታስቦበት የተቆረጠ ነው። ያዘዘውን ያውቀዋል።»

ሥራዬ እንዲህ የገባው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ቦታው ሌላ ቢሆን አትላስ ሰፈር ወስጄ ምሳ እጋብዘው ነበር።

«ድምፁን የሚቆርጠው ካፓሲተር ገበያ ላይ ጠፍቶ ያገኘሁትን ነው የገጠምኩት» አልኩ። «እኔ በግምት ነው የምሠራው። ሙያ የለኝም።»

በኬብል መግረፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ጀርባዬን፣ ቀጥሎ ውስጥ እግሬን። ስወድቅ ውሃ ይደፉብኛል፣ ስነሳ ይቀጥላሉ። በየመሃሉ መርማሪው «ለማን?» ይላል፤ «በግምት ነው» እላለሁ። አንድ ጥርሴ ተነቅሎ ምላሴ ላይ ወደቀ። መጨረሻ ላይ መርማሪው በተዘረጋ መዳፉ ግራ ጆሮዬን መታኝ። አንድ ነገር እንደ ወረቀት ሲቀደድ ተሰማኝ፤ ከዚያ ፉጨት። ወለሉ ላይ ተዘርሬ ፉጨቱ ስድስት ሺህ ኸርዝ ገደማ እንደሚሆን ገመትኩ። ልማድ ክፉ ነው።

ክፍላችን ውስጥ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ከጆሮዬ የሚወርደውን ደም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

«ምን ብለው ጠየቁህ ልጄ?»

«ሥራ ትችላለህ ወይ አሉኝ፣ ጋሼ።»

«ምን አልካቸው?»

«አልችልም አልኳቸው።»

«ታዲያ ለምን መቱህ?»

«አላመኑኝም።»

ሳቅ ሲይዘኝ የጎድን አጥንቴ አስጮኸኝ።

በአራተኛው ቀን መርማሪው ሻይ አስመጣልኝ። ቴክኒሽያኑ በሩ ላይ ተደግፏል።

«እቤት ያለው እስፒከሬ ቱዊተሩ እየተቃጠለ አስቸገረኝ» አለኝ መርማሪው፣ እንደ ጎረቤት። «የት ላይ ባስቆርጠው ይሻላል?»

ዉፈሩ ስንት ኢንች ነው፣ ቱዊተሩ ምን ዓይነት ነው፣ ማጉያው ስንት ዋት ነው፤ ጥያቄዎቹ ከንፈሬ ላይ ደረሱ። ይህን ሳይጠይቅ የሚመልስ ሙያተኛ የለም። በሻይ ዋጥኳቸው።

«ሦስት ሺህ ላይ» አልኩ።

«ዉፈሩን ሳታይ?»

«ሁሉም ሦስት ሺህ ነው።»

ቴክኒሽያኑ ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወለሉን አየ። «ተራ ገጣጣሚ ነው። ተሳስቼ ነበር» አለ። አምኖኝ ይሁን አዝኖልኝ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የሙያ ችሎታ እንደሌለኝ የሚገልጽ ቃል ተጻፈ። መርማሪው ወንበር በእግሩ ገፋ አደረገልኝና «ቁጭ ብለህ ፈርም» አለ። እግሬ አብጦ መሬቱን መርገጥ አልቻለም ነበር። ቆሜ ፈረምኩ።

ከተፈታሁ ከወራት በኋላ አስተማሪዋ ሱቄ መጣች። ፊቴን አየችው።

«ስለ እኔ ጠየቁህ?»

«ጠየቁኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ሥራ አልችልም አልኳቸው።»

ለመሳቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ በግራዬ በኩል ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። በዚያ ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ አልሰማም፤ የደረሰኝ ጉምጉምታ ብቻ ነበር። ድገሚው አላልኳትም። የሰማሁ መስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሱቁን ስዘጋ፣ ምን ብላኝ ይሆን እያልኩ ትንሽ እቆማለሁ።