ሁለቱ የዝናብ ሥዕሎች

ጃፓንን የማውቃት በመኪናዋ ብቻ ነበር። በ2020 ወረርሽኙ ሲገባ ግሮቭ ሲቲ የሚገኘውን የመጋዘን ሥራ ትቼ፣ ኮሎምበስ ውስጥ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት መንዳትና አስቤዛ መግዛት ጀመርኩ። ሴትየዋ የጃፓንን የሥነ ጥበብ ታሪክ ሲያጠኑና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ፕሮፌሰር ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ ስለነበር ብዙም ሳይቆይ ሥራዬ ሥዕል ማየት ሆነ። እኔ በአጉሊ መነጽር እያየሁ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው በትልልቅ ፊደል ይጽፋሉ።

ሥዕሎቹ እንጨት ላይ ተቀርጸው፣ እንጨቱ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው። ይኼ ደግሞ የኔ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቻለሁ፤ አንዴ የተጎዳ ፊደል በታተመ ቁጥር እየባሰበት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

እሳቸውን ለፕሮፌሰርነት ያበቃቸው በወጣትነታቸው የጻፉት መጽሐፍ ነው። ከአንድ እንጨት ስለታተሙ ሁለት የዝናብ ሥዕሎች ያወራል፤ ደማቁ ቀድሞ ታተመ፣ ፈዛዛው በኋላ ይላል። አንድ ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ የዳር መስመራቸው ላይ ክፍተት አገኘሁ። እንጨቱ የተሰነጠቀበት ቦታ ነው። ፈዛዛው ላይ የፀጉር ያህል ነው፣ ደማቁ ላይ ግን ሰፍቷል።

«ፕሮፌሰር፣ የተሰነጠቀ እንጨት መልሶ አይገጥምም» አልኳቸው። «የቀደመው ፈዛዛው ነው። ደማቁ በኋላ ቀለም በዝቶበት የታተመ ነው።»

ሻያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ እጄን ያዙና «ስምህ ከስሜ ጎን ይጻፋል» አሉኝ።

ማታውኑ ለልጄ ነገርኳት። «ሪሊ?» አለች፣ ከስልኳ ቀና ብላ። እሷን ከስልኳ ቀና ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም፤ ደስ አለኝ።

በዓመቱ ፕሮፌሰሯ ስለ ክፍተቱ በዙም ንግግር አደረጉ። ዙሙን የከፈትኩላቸው እኔ፣ ካሜራው በማያሳየው በኩል ቁጭ ብዬ ወረቀት የማቀብላቸውም እኔ። ልጄ ፒከሪንግተን ቤታችን ሆና ትከታተላለች። በዚህ ዕድሜያቸው የገዛ ስህተታቸውን በማረማቸው ሰው ሁሉ አደነቃቸው። ሐቀኝነታቸውን አደነቁ እኮ! አንዱ ተማሪ እንዴት እንዳገኙት ጠየቃቸው።

«በዓይኔ» አሉ ፈገግ ብለው። «ያየሁትን ነገር በትዕግሥት ደግሜ አየሁት።»

በየትኛው ዓይናቸው? የመድኃኒታቸውን ጽሑፍ እንኳ የማነብላቸው እኔ ነኝ። አጉሊ መነጽሩ እጄ ውስጥ ነበር።

ንግግሩ አልቆ ኮምፒውተሩን ስዘጋ «እኔስ?» አልኳቸው።

«አንተ እኮ የሙያው ሰው አይደለህም» አሉኝ፣ እጄን ቸብ ቸብ እያደረጉ። «ሹፌሬ ነው ያየው ብል ማን ያምነኛል?»

እኔ ግን እሳቸውን አምኜ ነበር፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። የቤታቸውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ላፕቶፗን ዘግታ ሳሎን ቁጭ ብላ ነበር። «ክፍተቱን ያየሁት እኔ ነኝ እኮ» አልኳት፣ ጃኬቴን ሳላወልቅ። ተነስታ አቀፈችኝ።

«ኢትስ ኦኬ፣ ዳዲ» አለችኝ። «ለኔ ብለህ ስቶሪ መፍጠር የለብህም።»