ግማሽ ካርቶን የፍሬን ሸራ

ባለቤቴ መቀመጥ አይሆንለትም። ቁርሱን ቆሞ ይበላል፤ ዜና ሲሰማ ከበር እስከ መስኮት ይመላለሳል፤ ሰው ቤት ሄዶ ወንበር ሲሰጡት እንኳ ከመቀመጡ በፊት የወንበሩን እግር ነቅነቅ አድርጎ ያየዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ሊፍት ስለጠገንኩ ነው ይላል። ውሸቱን ነው፤ እናቱን ጠይቄአቸዋለሁ፣ ከልጅነቱም እንዲሁ ነበር አሉኝ።

በሥራው ግን አይታማም። አንድ ጊዜ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ላይ ከሊፍቱ ገመዶች አንዱ ሳስቶ አገኘው። የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ አንዷን ብቻ ቀይርልን ብሎ ቢለምነው፣ “ሁሉንም ካልቀየርኩ አልነካውም” ብሎ ሊፍቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወጣ። አራት ቀን ሙሉ ሰው በደረጃ እየወጣ ረገመው። ከረገሙት አንዷ እኔ ነኝ፤ የጥርስ ሐኪሜ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነበር።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው በገዛ መኪናው ጉድ የሠራኝ።

መኪናችን ከመጀመሪያ ልጃችን በዕድሜ ትበልጣለች። ዓመተ ምርቷ ሳይቀር እሷኑ የመሰለች አንዲት መኪና ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪው አለችው። ሁለቱን ያወዳጃቸውም ይኸው ነው። የዝናብ መጥረጊያ ጥንድ ገዝተው አንድ አንድ ይካፈላሉ፤ የሞተር ዘይት በጀሪካን ገዝተው በሊትር ይቀዳዳሉ። እኔና የጋጋሪው ሚስት “ባልና ሚስቱ መጡ” እያልን እንስቅባቸዋለን።

ባለፈው ወር የእኛዋ መኪና ፍሬን ስትይዝ የቀኝ የፊት እግሯ መጮህ ጀመረ። በዚያው ሳምንት የጋጋሪው በግራ ጮኸች። ጋጋሪው ቸኩሏል። ሴት ልጁ ወልዳ ሆስፒታል ነበረች፤ ሐሙስ እሷንና ሕፃኑን ይዞ ሊመጣ ነው። ሆስፒታሉ ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ መንገዱ እስከ ሰፈራችን ድረስ ቁልቁለት ሆኖ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ያበቃል።

ረቡዕ ከሰዓት መለዋወጫ ሱቅ ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። ሻጯ ሦስት ካርቶን የፍሬን ሸራ ደረደረችልን። የመጀመሪያው ኦሪጅናሉ ነው፤ ዋጋውን ስትጠራ ጋጋሪው ካርቶኑን ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰው። ሁለተኛው ኦሪጅናል ባይሆንም ደህና የሚባል ነው። ሦስተኛው ዋጋው የሁለተኛው ግማሽ ነው። ባለቤቴ ሦስተኛውን በጥፍሩ ቢፍቀው ዱቄት ሆኖ ጣቱ ላይ ቀረ።

“ይሄ ሸራ ነው ወይስ ጠመኔ?” አላት።

“እንደ ኪስዎ ነዋ፣ አባቴ” አለችው ሳትቆጣ።

ወደ ሁለተኛው ካርቶን ዞረ። ከፈተው። አራት ሸራ፤ ለአንድ ጎማ ሁለት ሁለት፤ አራቱም አንድ ዓይነት። ቀና ብሎ ጋጋሪውን አየው።

“የኔ ቀኝ፣ ያንተ ግራ” አለው።

“በርካሹ ዋጋ ደህናውን!” ብሎ ጋጋሪው እጁን መታው። እኔም ሳቅሁ። ሻጯ ለአንድ መኪና መስሏት ጠቅልላ ሰጠቻቸው፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ሁለቱም ገጥመው ጨረሱ።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ ሊሞክራት ወጥቶ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። “ትንሽ ወደ ቀኝ ትስባለች” አለኝ። የጎማ ንፋስ ነው ብሎ ንፋስ አስሞልቶ መጣ። ያው ነው። መሪው ነው ብሎ ሥሯ ገባ፣ ወጣ፣ ደግሞ ገባ። ሻዩን ሦስቴ አሞቅሁለት፤ ሦስቴ በረደ። ቁጭ ብድግ ሲል የእኔንም ልብ አወለቀው። በመጨረሻ እስቲ እኔም ልየው ብዬ አብሬው ጋቢና ገባሁ። ፍሬኑን ሲረግጥ መኪናዋ መሪውን ከእጁ ነጥቃ ወደ አጥሩ ሄደች። ይቺ ናት እንግዲህ “ትንሽ” ያላት!

“ለመሆኑ ሊፍት ቢሆን እንዲህ ታደርግ ነበር?” አልኩት።

ልወጋው ብዬ ነው የተናገርኩት። ሞተሩን አጠፋ።

“አዲሱ ሸራ ወዳለበት ነው የምትስበው፤ የጋጋሪው ደግሞ ወደ ግራ ትስባለች” አለ። ቁልቁለቱን ለሚወርድ ሰው በግራ በኩል የሚመጡት ዳገቱን የሚወጡ የጭነት መኪናዎች ናቸው።

ደወልን፤ ጋጋሪው አያነሳም። ሚስቱም አታነሳም። ዳቦ ቤቱ ተዘግቷል። ልጅቷ የምትወጣው ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ አራት ተኩል ሆኗል። ባለቤቴ ክሪኩን አምጥቶ የእኛኑ ቀኝ ጎማ ፈታ፤ ትናንት የገጠማቸውን ሁለት ሸራዎች አወጣ።

“ምን ልታደርግ ነው?”

“የሱ ሙሉ ይሁን።”

ሸራዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ከመፍቻው ጋር በከረጢት ያዘ። እኔም የቤት ቀሚሴን ሳልቀይር ተከተልኩት። አውቶቡሱ ውስጥ ባዶ ወንበር ሞልቶ እሱ እስከ ኮረብታው ድረስ ቆመ። ቁልቁል በሚመጣ መኪና ሁሉ ላይ አንገቱን ያሰግጋል፤ እኔም አሰግጋለሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ስንደርስ የጋጋሪው መኪና ግቢው ውስጥ ነበረች። ልጅቷ ሕፃኑን ታቅፋ የኋላው በር አጠገብ ቆማለች፤ ጋጋሪውና ሚስቱ ቦርሳ ይጭናሉ።

“ስትመጣ አልሳበችህም?” አለው ባለቤቴ፤ ሰላምታም የለ።

ጋጋሪው ሚስቱን አየት አደረገ። “ትንሽ” አለ። “ንፋሱ ነው ብዬ...”

“ንፋሱ አይደለም። አንዱን ጎን ብቻ መቀየራችን ነው። ሃሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።”

“እኔስ መች ተቃወምኩህ? በቃ፣ በታክሲ እንወስዳቸዋለን።”

“ዛሬን በታክሲ። ነገ ዳቦ ጭነህ በትምህርት ቤቱ በር ስታልፍስ?”

ጋጋሪው የመኪናውን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠው። ልጅቷ ሕፃኑን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። “ጋሼ፣ ተረጋግተው ይሥሩት፤ እኛ አንቸኩልም” አለችው።

ባለቤቴ መኪናዋን በጋጋሪው ክሪክ አንስቶ፣ ደህናውን ሱሪውን እንደለበሰ ተንበርክኮ ሸራዎቹን ቀኝ ጎማዋ ላይ ገጠመ። ከዚያ እኔ ልሞክራት ብሎ ግቢውን ሦስቴ ዞረ። በሦስተኛው ፍሬኑን ረግጦ እጁን ከመሪው አነሳ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

ለእኛ የሚሆን ቦታ ስለሌላት በእግራችን ወረድን። ከፊታችን እያዘገሙ ሲሄዱ የፍሬን መብራታቸው በየመታጠፊያው ይበራል። በበራ ቁጥር ባለቤቴ “ያዘ” ይላል። “ያዘ።” መኪናዋ ከዓይናችን እስክትሰወር ድረስ እንዲህ አለ።

ቤት ስንደርስ የእኛዋ አንድ እግሯ ወልቆ በክሪክ እንደተንጠለጠለች ናት። ደመወዝ እስኪወጣ እዚያው ትቆያለች፤ እሱም በአውቶቡስ ይሄዳል። ገባና ወንበር ስቦ፣ የወንበሩን እግር ሳይነቀንቅ ተቀመጠ። ሻይ ሰጠሁት፤ ሳይበርድ ጠጣው። ስለ ዘጠኝ ፎቁ ሊፍት ልነግረው መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበረኝ። ተውኩት። ሱቁ ውስጥ ካርቶኑን ሲካፈሉ እኔም ስቄአለሁ።