አረንጓዴው ሹራብ

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አዋቂዎች በሚኖሩበት በዚያ ቤት ልብስ የጋራ ነው። ሰኞ በአንድ ገንዳ ይታጠባል፤ ማክሰኞ እንደ ዕድል ይታደላል። ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ ሽበታሙ ግዙፍ ሰውዬ፣ አንድ ሳምንት ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይቀርበታል፤ በሚቀጥለው ሙሽራና ሚዜ አብሮ የሚያስገባ ይደርሰዋል።

ሱሪ አያስጨንቀውም። የሚፈልገው እናቱ የሠራችለትን አረንጓዴ ሹራብ ነው። «ከሩቅ የምለይህ በዚህ ነው» ብላው ነበር። ሹራቡ የደረሰውን ሰው አይቀማም፤ ነውር ያውቃል። እሑድ፣ በጠያቂ ቀን፣ ባለሹራቡን እየጎተተ በሩ ፊት ያስቀምጠውና እጅጌውን ይዞ ከጎኑ ይቀመጣል።

«ቀጥ በል ወንድሜ፤ እማዬ ታይህ።»

«ልብስ ልብስ ነው የኔ ጌታ! ሞቀህ አይደል?» ትለዋለች ተንከባካቢዋ። እናቱ ከሞተች ስንት ክረምት እንዳለፈ ቤቱ በሙሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የነገረው ግን የለም።

በዚህ ሳምንት ሹራቡ ማንም ላይ አልነበረም። ፈልጎ ፈልጎ የወለል መወልወያው እንጨት ላይ ታስሮ አገኘው። እሑድ መወልወያውን በሩ ፊት አስደግፎ ተቀመጠ።

«ቀጥ በል» አለው።

ተንከባካቢዋ መጣች። «ወለሉ እየጠበቀኝ እኮ ነው!»

«ትንሽ ቆዪ እትዬ፤ መንገድ ላይ ናት።»

መወልወያውን ወሰደችው። እሱም እርጥቡን ወለል እየረገጠ፣ የሹራቡን እጅጌ ሳይለቅ ተከተላት።