ዋስ ይጥራ

በደርግ ጊዜ ደብረ ታቦር የታሪክ አስተማሪ ነበርሁ። ያን ሰሞን የማስተምረው ስለ ግብፅ ነበር፤ የውጭ ሰው ቢያጠፋ በአገሬው ዳኛ አይጠየቅም የሚለውን መብት ግብፆች እንዴት ተደራድረው እንዳስቀሩት። ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስቆም ማን ይችለኛል!

አንድ ቀን አንድ ካድሬ መኪና ልኮ ከክፍል አስጠራኝ፤ እንግሊዝኛ የሚያስተረጉምለት ፈልጎ ነው። ገሳይ ስንደርስ ሰው ከቧል፤ መሐሉ ላይ የቆሙት አክስቴ ናቸው። የመንገድ ሥራ አማካሪ የሆነ ፈረንጅ በመኪናው አንዱን የእርሻ በሬያቸውን ገጭቶ ገድሎባቸዋል። እሳቸውም «በሕግ አምላክ!» ብለው አቁመው፣ እንደ ድሮው ወግ የነጠላቸውን ጫፍ ከፈረንጁ ኮት ጫፍ ጋር ቋጥረውታል። ተከሳሹ ዳኛ ፊት ካልቀረበ ወይ ዋስ ካልጠራ ያ ቋጠሮ አይፈታም። ወሩ ግንቦት ነው። አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ካልተተካ የዓመት እህላቸው ቀረ ማለት ነው።

«እማማ፣ ጓዳችን በስምምነት የመጣ የወዳጅ አገር ሰው ነው» አላቸው ካድሬው። «የእናንተ ሸንጎ አይዳኘውም። ለአለቆቹ ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«ደብዳቤ ያርሳል?» አሉ አክስቴ።

ካድሬው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሴትዮዋ ምረውሃል፣ ፈትተህ ሂድ በለው።»

እንጀራዬ፣ ምናልባትም ነፍሴ፣ በዚህ ሰው እጅ ናት። ያ ሁሉ የክፍል ውስጥ ጀግንነት የት ገባ? ዝም አልሁ።

አክስቴ እኔን ትተው ወደ ካድሬው ዞሩ። «ጓዳችን ነው አላልህም? እንግዲያ ዋስ ሁነው! እሱ ቢቀር በሬዬን ካንተ እቀበላለሁ። አሁኑኑ እፈታዋለሁ።»

ካድሬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ እንኳ… የመንግሥት ሰው ነኝ።»

«ኧረ እሰይ!» አሉ አክስቴ፤ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አፌ ተፈታ። የተባባሉትን ሁሉ፣ በጆሮዬ የተነገረኝን ውሸት ጭምር፣ አንድ ሳላስቀር ለፈረንጁ ነገርሁት። ፈረንጁ ካድሬውን አየው። ካድሬው መሬት መሬት አየ። ከዚያ ፈረንጁ ኮቱ እንደተቋጠረ፣ ከአክስቴ ጎን ለጎን በእግሩ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ ሄደ።

ሸንጎው በሬ ይተካ ብሎ ፈረደ፤ ፈረንጁም ተካ።

እኔ ሰኞ ለግለሂስ ተጠራሁ። ያው ካድሬ ወረቀት ሰጥቶ «ጥፋትህን ጻፍ» አለኝ። ጻፍሁለት፦ «ጥፋቴ መጀመሪያ ዝም ማለቴ ነው።» ፈርሜ በእጁ ሰጠሁት።