በሩ አጠገብ ያለችው ቦታ

ሳሎኔን ልቀባ ዕቃውን ሳወጣ የእርጥብ ግድግዳ ሽታ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አክስቴ ዘይነባ ቤት መለሰኝ።

በደርግ ጊዜ ልጇ ሰይድ ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ ከመደቧ አልተነሳችም ነበር። አንድ ጠዋት ግን ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረችና የተሰበረውን ወንበር፣ የዛገውን ጣሳ ሁሉ አውጥታ ጣለች። እኔ የዱቄት ሙጫ አማሰልኩ፤ እሷ ጭስ ያጠቆረውን ግድግዳ አሮጌ ጋዜጣ አለበሰችው። አንዱም አልተጨማደደባት። ለዙህር ሶላት ሲጠራ ቤቱም ፊቷም በርቶ ነበር።

በሩ አጠገብ የሰይድ ቁመት በከሰል የተሰመረባትን ቦታ ግን ዘለለቻት።

«እዚህስ?» አልኳት።

«እሷን አትንኪያት፣ የኔ ልጅ። ኢንሻ አላህ ሲመጣ ስንት እንደጨመረ በምን ልናይ ነው?»

በየዓመቱ ጋዜጣውን አብረን ቀየርን፤ ያችን ቦታ ግን እንደዘለልን ኖርን። ዛሬም ቀለም ስቀባ፣ በሩ አጠገብ ስደርስ እጄ ይዘገያል።